የሽማግሌው ታንኳ

ማክሰኞ፣ ጥር 12
ጠዋት ካሳቫ ነቀላ፣ ከሰዓት ታንኳ ጥረባ። መዳፌ ውሃ ቋጥሯል። በበጎ ፈቃድ ለስድስት ወር ብዬ ወደዚህ የጫካ ወንዝ ዳር መንደር መጥቼ ሦስት ዓመት ኖርኩ፣ እጄ ግን አሁንም የአምባቶ ከተሜ ነው።

ግንዱን መፈልፈል ጀምረናል። ሁሉም ታይታ፣ አባባ፣ የሚላቸው ሽማግሌው ቬናንስዮ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ይሳለቁብኛል። "አንቺ ልጅ፣ እንጨቱ ምን በደለሽ?" ሴት ታንኳ ስትጠርብ አይተው አያውቁም። ወጣቶቹ እንደሆነ ለነዳጅ ቁፋሮ ሥራ ሄደዋል። ማን ይርዳቸው?

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በምሰሶ ላይ የቆመው ቤታቸው ስር ደህና ታንኳ ተደፍታለች። ስንጥቅ የላት፣ ምን የላት። የእኛ ወገብ ይቆረጥ፣ እሷ ዶሮ ይፈልፈልባት?

ሐሙስ፣ ጥር 14
ሦስት ዓመት ሳያት ኖሬ፣ ዛሬ ገና ጠየቅኩ። ሚስታቸው ማማ ዴልፊና ካሳቫ እየላጠች ነበር። ቀና ሳትል፣ "የሽማግሌው ናት። ተያት" አለችኝ።

ለካ መቀበሪያቸው ናት። ድሮ ሰው ሲሞት ታንኳው ለሁለት ይቆረጥ ነበር... ግማሹ ከታች፣ ግማሹ እንደ ክዳን ከላይ። ዛሬ ሁሉም በሳጥን ነው። እሳቸው ግን የአባቴን ወግ አለቅም ብለዋል።

"ስንት ዓመቷ! እሷም ደረቀች፣ እሱም አልሞተ" ብላ ሳቀች። "ቀድሞ የሚሄደው ግን እሱ ነው፤ ሳሉን አትሰሚም? እኔ ገና ብዙ ካሳቫ አለብኝ።"

እሑድ፣ ጥር 17
ዝናብ። ሥራ የለም።

ረቡዕ፣ ጥር 20
ንጋት ላይ ጓዩሳ፣ የቅጠል ሻያችንን፣ ስንጠጣ እንደ ልማዱ ሁሉም ህልሙን ተናገረ። ዴልፊና ምንም አላየሁም አለች። ሆዷን ይዛለች። "የትናንቱ ዓሣ ነው፣ ዝም በይ።"

ቅርጫቷን ይዛ ወደ ማሳ ወረደች። ተከተልኳት። ተቀምጣ ነቀለች። ቁጭ ብላ ስትሠራ አይቻት አላውቅም...

ዓርብ፣ ጥር 22
ትኩሳት። ሆዷ ጠንክሯል። የመንደሩ ሞተር ጀልባ ገበያ ወርዷል። ጤና ጣቢያው ሩቅ፣ አዲሱ ታንኳችን ገና ግንድ። ምን ይደረግ?

ታይታ ቤቱ ስር ገቡ፣ ዶሮዎቹን አባረሩ፣ ያቺን ታንኳ ብቻቸውን መጎተት ጀመሩ። ሮጬ ያዝኩላቸው።

እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ ዴልፊና መሃል ሙዝ ቅጠል ላይ።
"አልጋህን አረጠብካት" አለቻቸው።
"ዝም በይ አንቺ ሴትዮ። ትደርቃለች።"

ቀዘፍን፣ ቀዘፍን... ዞር ስል ታይታ እያለቀሱ ይቀዝፋሉ። የእሷ ዓይን ክፍት ነው፣ አያይም። ጤና ጣቢያው ገና አልታየም ነበር።

እሑድ፣ ጥር 24
ጎረቤቶች ሳጥን እናምጣ አሉ።
"ታንኳዋ አለች" አሉ ታይታ።
"የእርስዎ አይደለችም እንዴ?"
"የኔ ነበረች።"

መጋዙን ሰጡኝ። "አንቺ ቁረጪ። እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል።" እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ቆረጥኩ። ከፊት ተቀምጬ የቀዘፍኩባትን...

በእሳቸው ቁመት የተለካች ናት፣ ለዴልፊና ሰፋች። ትርፉ ላይ ገጀራዋንና የቺቻ ጠላ መጠጫ ሳህኗን አስገቡላት። "እኔ ቤት እንዲህ ተዘርግተሽ ተኝተሽ ታውቂያለሽ?" አሏት። ሰው ሳቀ። ከዚያ ማንም መሳቅ አልቻለም።

እሑድ፣ የካቲት 8
ማሳዋን እያረምኩ ነው። የተከለችው ካሳቫ ገና አልደረሰም። ናፈቀችኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

እሑድ፣ የካቲት 29
አዲሷን ታንኳ በእሳት አሙቀን ጎኗን ከፈትን። አማረች። ታይታ አንዴም አልተሳለቁብኝም፣ እሱ ነው የከበደኝ።

"እንግዲህ ወደ ወንዝ?" አልኳቸው። ገብተው በጀርባቸው ተኙባት። ግራ ቀኝ ትከሻቸውን አስተካከሉ።
"ትበቃለች።"

ቤቱ ስር ወስደን ደፋናት።

ሰኞ፣ መጋቢት 14
ወደ አምባቶ የመመለሻዬ ቀን ትናንት ነበር። አልሄድኩም። ለወንዙ የሚሆን ሌላ ግንድ ጥለናል። አዲስ በጎ ፈቃደኛም መጣልን፤ ኢቫን ይባላል፣ የኪቶ ልጅ ነው፣ ጎበዝ።

ከሰዓት ላቡን እየጠረገ መጣ። መዳፉ ውሃ ቋጥሯል። ጎንበስ ብሎ ቤቱ ስር አየ።
"ይቺ ደህና ታንኳ አይደለች? ታዲያ ምን ያለፋናል?"

የዴልፊናን ካሳቫ እየላጥኩ ነበር። ቀና አላልኩም።
"የሽማግሌው ናት። ተዋት።"