እናታችን በማኅበሩ ፊት የቆመችበት እሑድ

ለምወድህ ወንድሜ ለተወልደመድኅን፦

ከሁሉ በፊት ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ እትዬ ይመኙሻልስ፣ ትንሿ ልጃችሁ ጸሃይስ፣ አማትህ እማማ አየለችስ እንዴት ናቸው? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነን። እናታችንም ጉልበቷን አልፎ አልፎ ይቆረጥማታል እንጂ ደህና ናት፤ የሚያስቸግራት የአንተ ናፍቆት ነው። እትዬ ይመኙሻል «እህትና ወንድም በትግርኛ ተደብቀው ያሙኛል» ብላለች ስላልከኝ ይኸው በትምህርት ቤት አማርኛዬ ጽፌያለሁ፤ የሳትኩትን እሷ ታርመው። ደብዳቤውን በፖስታ ሳይሆን የጭነት ማኪና በሚነዳው በአክስታችን ልጅ በኣባዲ እጅ የላክሁት ሌላ ዓይን እንዳያየው ብዬ ነው።

አሁን ወሬውን ልንገርህ፤ ከእሑድ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኛል። የሰፈራችን የገዛ ባንዳ የቀብር ማኅበር ሊቀ መንበር ማረፋቸውን ሰምተሃል። በምትካቸው ሰው መምረጥ ነበረብን። እኛው የመረጥነው የአገራችን ምክር ቤት በኅዳር ከተዘጋ ወዲህ ግን እዚህ ሰው ምርጫ ሲባል ከንፈሩን ይመጥጣል። የሠራተኞቹ ማኅበር ከተዘጋማ ቆየ። ሰብሰብ ብለን ይህ ይሁን ያ ይቅር የምንልበት የቀረን ሬሳ የምናነሳበት ማኅበር ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን አልተዉልንም፤ ምርጫውን «ሊታዘብ» ኣቶ ኣስፋው የሚባል ሰው ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት ተላከ። ከመድረሱም ኣቶ ዘርዓይ ነጋዴው ቢሆኑ መልካም ነው፣ በጭብጨባ እንጨርስ አለ።

እኔ አላስችል አለኝ። አፌን የማልይዝ መሆኔን ታውቃለህ። ከምሠራበት የአዝራር ፋብሪካ የተበላሹ አዝራሮች ለምኜ ይዤ ነበርና ለየአባወራው ነጭና ጥቁር አደልኩ። ነጩ የባቡር ጡረተኛው የኣቶ ሃብተሚካኤል፣ ጥቁሩ የኣቶ ዘርዓይ ሆነ። ነጠላ በሸፈንበት እንስራ ውስጥ ሁሉም ተራ በተራ እጁን እየከተተ ማንም ሳያይ የወደደውን ጣለ። ጎረቤታችን ኣያ በራኺ ኣቶ ዘርዓይን ስንት ዘመን ሲያማ ኖሮ ጥቁሩን መጣሉን ራሱ ነገረኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው የአገሬ ልጅ ነው አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ተናደድኩም። እንስራው ሲገለበጥ ግን ነጩ ከጥቁሩ እጥፍ ሆኖ ወጣ፤ እኔ ሴትዮዋ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ስማ። በእኛ ወግ የተመረጠ ሰው ወዲያው እሺ እንደማይል ታውቃለህ። እሺ ካለ ስግብግብ ይባላል። ኣቶ ሃብተሚካኤልም እንደ ወጉ ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁና እኔ ለዚህ አልበቃም፣ ከእኔ የሚሻል አለ አሉ። ልንለምናቸው አፋችንን ስንከፍት ኣስፋው ቀድሞ፣ እንግዲህ እሳቸው አልፈልግም ስላሉ ሹመቱ ለኣቶ ዘርዓይ ነው ብሎ አጨበጨበ። ከሩቅ አገር መጥቶ ወጉን ያላወቀ እንግዳ ቢሆን ባልከፋኝ። እዚሁ ኣስመራ ሓዝሓዝ ሰፈር ያደገ ልጅ ነው፤ ከእኛ እኩል ያውቀዋል። ጨዋነታችንን ገመድ አድርጎ አሰረን። ሽማግሌዎቹ እንኳ መሬት መሬቱን እያዩ ጥቂት በጥቂት ማጨብጨብ ጀመሩ።

ያን ጊዜ እናታችን ተነሳች። አባታችን ካረፈ ጀምሮ በእሱ ቦታ ከኋላ እየተቀመጠች ትንፍሽ ብላ የማታውቀዋ እናታችን! ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሰውዬው ገና አልተለመኑም፣ ሦስቴ ሳይለመኑ እንቢታ እንቢታ አይባልም አለች። ወደ ኣቶ ሃብተሚካኤልም ዞራ በሞቱብን ሰዎች ስም ለመነቻቸው። ደግማ ለመነቻቸው። በሦስተኛው እሳቸው እንባቸው መጥቶ «እወ፣ ሕራይ» ብለው እሺታቸውን ሰጡ። ወንድሜ፣ ግቢው እንዴት እንደተናወጠ ባየህ። ያጨበጨቡት ሽማግሌዎች ራሳቸው ከሁሉ በላይ ጮኹ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ግን የአንተ ነገር አለበት። ስንበታተን ኣስፋው ወደ እናታችን ቀረብ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ ልጅ አለዎት ወይ፣ የት ይሠራል ብሎ ጠየቃት። በእኛ ዘንድ የአንድን ሰው ልጆች ደህንነት መጠየቅ ማክበር ነውና እሷም ደስ ብሏት የመሥሪያ ቤትህን ስም፣ የአለቃህን ስም ሳይቀር ነገረችው። እኔ ክርኗን ብጎሽማትም አልገባትም። ማክሰኞ ኣቶ ዘርዓይ ራሳቸው እያፈሩ ቤታችን መጡ። እናታችን ጽሕፈት ቤት ሄዳ ተሳስቼ ነው ካላለች ኣስፋው ለአለቃህ ሊጽፍ ነው አሉ። እሳቸውም ወንበሩን በዚህ መንገድ አልፈልገውም አሉን፤ ይህን በሰው ፊት ይናገሩ ስንላቸው ግን አንገታቸውን ደፉ። እናታችን ሻሂ ቀድታላቸው «ኣይፋልን»፣ አይሆንም ብላ ሸኘቻቸው።

ባለፈው ስትጽፍልኝ ሕዝብ ያልበሰለ ነውና ምርጫ አይሆነውም ብለህ ነበር። እውነትህን ነው፣ አንዱ በአገር ልጅነት ይመርጣል፣ አንዱ ይፈራል፣ አንዱ ያፍራል። ነገር ግን ሰው ሳይመርጥ በምን ይበስላል? እሑድ ዕለት እኮ ዓይኔ እያየ በሰልን።

እንጀራህ በአደጋ ላይ መሆኑን አውቃለሁ፣ ልጅም አለህ። እናታችን ለማንም ብላ ቃሏን አታጥፍም፤ አንተ ብትጽፍላት ግን ለአንተ ብላ ታጥፋለች። ይህን ላንተ መደበቅ ስለማይሆንልኝ ነገርኩህ። ከእትዬ ይመኙሻል ጋር ተማከር፤ በወሰንከው እኔ አልቀየምህም።

እትዬ ይመኙሻልን እጇን ሳምልኝ። እማማ አየለችን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ትንሿን ጸሃይን ጉንጯን ግራና ቀኝ ሳምልኝ። ኣያ በራኺ ከነቤተሰቡ፣ ኣቶ ሃብተሚካኤልም ሰላም ብለውሃል። እናታችንም ዓይንህን ትስማለች። አንተ ከሄድክ ወዲህ በአልጋህ ላይ የተቆለለውን የእህል ጆንያ ትናንት ብቻዋን አውርዳ፣ አንሶላውን አጥባ ስታነጥፍ አገኘኋት። ማን ሊመጣ ነው ብላት፣ እንዲሁ ነው ብላ ትራሱን ማስተካከሏን ቀጠለች።

እህትህ ለተሰንበት

ኣስመራ፣ ገዛ ባንዳ
የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.