ስለ ዴልመር ቢጫ ሰደርያ

ለክቡር አሰልጣኝ ቶርጌር ክቫመ
የስቶርቪካ እግር ኳስ ክለብ ዋና አሰልጣኝ
ኖርዌይ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከዓመት እስከ ዓመት ከሜዳ የማያስወጧቸው አሥራ አንዱ ተሰላፊዎችዎም እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ በሆንዱራስ ሰሜን ጠረፍ የምንኖር የሳን ሴፌሪኖ መንደር ሰዎች ከአንገት ሕመም በቀር ደህና ነን። ሕመሙም የመጣብን የእናንተ ካሜራ ኳስ ያለበትን ቦታ ብቻ ስለሚያሳይና የእኛ ልጅ ዘወትር ከቴሌቪዥኑ ጥግ ስለማያልፍ፣ አንገታችንን ብናጣምም የሚታየን እየመሰለን ነው።

ስሜ ባሲሊያ ጊቲ ይባላል። ባሕሩ ዳር የተጠበሰ ዓሣ እሸጣለሁ፤ በመንደሩ ትልቁ ቴሌቪዥን የእኔ ስለሆነም የክለብዎ ጨዋታ የሚታየው እኔ ቤት ነው። እናንተ ዘንድ ምሽት ሲቃረብ እኛ ዘንድ ገና ጠዋት በመሆኑ፣ ቄሳችን አባ ሊሳንድሮ የእሑዱን ቅዳሴ ወደ ማታ አዛውረውልናል። ለእግዚአብሔር ሲባል እንኳ ተነቃንቆ የማያውቀው ሰዓት ለእርስዎ ሲባል ከቦታው መነቃነቁን ሲሰሙ፣ ምን ያህል እንደምናከብርዎ ይረዱታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዴልመር ኖራሌስ የዚህ መንደር ልጅ ነው። እዚህ አሸዋው ላይ ሲጫወት በቀኝ መስመር ከተነሣ የሚይዘው አልነበረም፤ ይህንኑ አይታችሁ ነው ባለፈው ዓመት የወሰዳችሁት። ውሉ በኅዳር ያበቃል። ካላደሳችሁለት ይመለሳል፤ ባሕር ማዶ ሄዶ ሳይጫወት የተመለሰ ልጅ ደግሞ እዚህ የትኛው ክለብ በሩን እንደሚከፍትለት አላውቅም። ነገሩ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር ማቅረብ ወደድሁ።

አንደኛ፣ ዴልመርን በየጨዋታው ስለሚያሟሙቁልን እናመሰግናለን። ሁለተኛው አጋማሽ ገና ሲጀመር ከተቀያሪዎቹ ወንበር ይነሣል፤ ተቀያሪዎች የሚለብሱትን ቢጫ ሰደርያ እንዳጠለቀ በሜዳው ጠርዝ ይሮጣል፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ያነሣል፣ ይዘላል፣ እርስዎን ያያል፣ እንደገና ይሮጣል። አገሩ ብርድ ስለሆነ ጤናውን አስበውለት ነው ብለን ተጽናንተን ነበር። ግን ክቡር ሆይ፣ ይህን ያህል እሳት ላይ የቆየ ውኃ ቢሆን ኖሮ ተንኖ ድስቱ ባረረ።

ሁለተኛ፣ የመንደሩን ሰው ዕረፍት ነሥተውታል። ልጁ ሲነሣ ቤቴ ያለው ሁሉ ይነሣል፣ ሲቀመጥ ይቀመጣል፤ ዓሣ ያዘዘው ሰው የሚበላው ቆሞ ነው። አንድ እሑድ እጅዎን ወደ ኪስዎ ሲሰዱ ዓሣ አጥማጁ ክሪሳንቶ የቅያሪውን ወረቀት የሚያወጡ መስሎት «ሊያስገባው ነው! ሊያስገባው ነው!» ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ወጣ። እርስዎ ግን መሐረብዎን አውጥተው ተናፈጡ።

«ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ልጃችንን ለገና ነው እንዴ የሚያሞቀው?» አለ ክሪሳንቶ ከጠረጴዛው እየወረደ።

«ቀስ ብለህ ተናገር፣ ሰምቶ ቂም ይይዝብናል!» አለችው ሚስቱ። በእርስዎና በእሷ መካከል አንድ ሙሉ ውቅያኖስ ነበር፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

ሦስተኛ፣ በዴልመር ቦታ የሚጫወተው ያ ባለቀይ ፀጉር ልጅ እግሩን እየጎተተ እንኳ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ስለማያስወጡት፣ ለወደዱት ሰው ያለዎትን ጽናት አድንቀናል። እኛንም እንዲህ የሚወደን አሰልጣኝ አያሳጣን።

አራተኛውን ለመጻፍ ትንሽ ከብዶኛል። ዴልመርን ያሳደጉት አያቱ ዶኛ ኒካሲያ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨዋታ ባለበት ቀን የኮኮናት ዳቦ ሲሸጡ ኖረዋል፤ ፊታቸው ወደ ገዢው፣ ጀርባቸው ወደ ሜዳው ስለነበር ኳስ እንዴት እንደሚጫወቱት አያውቁም። የልጅ ልጃቸውን ለማየት መጀመሪያ እኔ ቤት የመጡ ዕለት፣ «ልጄ ከሰው ተለይቶ ዳር ላይ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ።

«እማማ፣ እሱ እኮ መስመሩን ነው የሚጠብቀው» አላቸው ክሪሳንቶ።

«ቢጫ ሰደርያውስ?»

«የማዕረግ ነው።»

ክሪሳንቶ ክፉ አላሰበም፤ ፊታቸውን አይቶ አንጀቱ አልችል ብሎት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ዶኛ ኒካሲያ የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከፊት ይቀመጣሉ። «እነዚህ ሁሉ ለአንድ ኳስ ይጋፋሉ፤ የእኔን ልጅ እዩት፣ ከማንም አይጣላም» ይላሉ። ሌሎቹ ቢጫ ለባሾች አንድ በአንድ ተጠርተው ሲገቡ አንገታቸውን ይነቀንቁና፣ «አልቻሉበትም፤ ጸንቶ የቀረው የእኔው ነው» ይላሉ። እኛም አቀርቅረን ዓሣችንን እንበላለን።

አምስተኛ፣ ባለፈው እሑድ ስለሠሩት ውለታ። ሦስት ለባዶ እየተመራችሁ፣ ተመልካቹም ወደ ቤቱ መሄድ ከጀመረ በኋላ፣ ለማለቂያው አራት ደቂቃ ሲቀር ዴልመርን ጠሩት። ሰደርያውን አውልቆ ገባ። የእኔ ቤት ቀውጢ ሆነ፤ ወንበር ተሰበረ፣ ዓሣው መጥበሻው ላይ ከሰለ፣ አባ ሊሳንድሮ ክሪሳንቶን አቅፈው ዘለሉ። አንዲት ኳስ ደረሰችው። በቀኝ መስመር ሁለት ሰው አልፎ ወደ መሐል አሻገራት፤ የሚቀበላት ሰው ግን አልነበረም። እኔ እንደ ሞኝ አለቀስሁ።

ዶኛ ኒካሲያም አለቀሱ፤ የእሳቸው ግን ሌላ ነበር።

«ምን አጠፋ? ማዕረጉን ለምን ገፈፉት? ከነዚያ ተጋፊዎች መሐል የወረወሩት ምን ቢያደርግ ነው?» እያሉ አንድ በአንድ ዓይናችንን ያዩ ጀመር። ክሪሳንቶ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ዶኛ ኒካሲያ እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙኝ።

«ባሲሊያ ልጄ፣ አንቺ መጻፍ ታውቂያለሽ። ለአለቃው ጻፊልኝ። ዴልመር አፉ አያርፍም፣ ምናልባት ተናግሮት ይሆናል። ይቅር በለው በይልኝ። ያንን ቢጫ ልብሱን መልስለት፣ ወደ ሥራው መልሰው በይልኝ።»

እኔም ደብዳቤ የጀመርሁት ስለዚህ ነው፤ ምስጋናው የእኔ ጭማሪ ነው።

የጃኬትዎ ኪስ ከመሐረብ አይጉደል፣ ከጉንፋንዎም ይማርዎ እያልሁ፣ በአንገት ሕመምተኞቹ በሳን ሴፌሪኖ ነዋሪዎች ስም እጅ እነሣለሁ።

ዘወትር አክባሪዎ፣
ባሲሊያ ጊቲ
ከነተሰበረው ወንበሯ

ማሳሰቢያ፦ የዶኛ ኒካሲያን ልመና አደራ ስለሆነብኝ ቃል ሳላጎድል አድርሻለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ እምቢ ይሏቸው ይሆን ብዬ አይደለም፤ የፊታችን እሑድ እሺ እንዳይሏቸው ነው።