በነሐሴ ደደብ ሁን

ውድ ሮስኮ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንዳለህ ባለፈው ማክሰኞ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሚስትህ ዋንዳ የጠየቀችኝ አንድ ገጽ ብቻ ነው። በመጪው ሰኞ መኪና መጥቶ ወደ መንከባከቢያው ቤት ይወስድሃል። አንተ ግን አልሄድም ብለህ የበሩን መቃን እንደምትይዝ ትናንት በስልክ ነገረችኝ። መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው መቃን ከያዘ ማን ያላቅቀዋል? "የሚሰማው አንተን ብቻ ነው። አንድ ገጽ ጻፍለት፣ አነብለታለሁ" አለችኝ። እጽፋለሁ። ያ ገጽ ግን ውሸት ነው፤ እውነቱን ሳላስቀድም ውሸት መጻፍ አልችልም። እነዚህ ገጾች የቀደሙት ለዚህ ነው። ዋንዳ ብትፈልግ ታንብብልህ፣ ባትፈልግ ምድጃ ውስጥ ትክተታቸው። አንተ ራስህ ማንበብ ከተውክ ሁለት ዓመት እንዳለፈህ ነግራኛለች።

ከየት እንደመጣሁ ታውቃለህ፤ እየጮህኩ ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ። በፔንስልቬንያ የብረት ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነበርኩ። ከሁለተኛ ደረጃ በላይ አልተማርኩም፤ የአሜሪካ ፉትቦልም ከዚያ በላይ አልተጫወትኩም። የመስመር ሥራን ያስተማረኝ የለም። ከሰፈሩ ትምህርት ቤት የጨዋታ ፊልም እየተዋስኩ፣ በጓዳዬ ግድግዳ ላይ እያስኬድኩ፣ ወደ ኋላ እየመለስኩ ደግሜ አየሁት። ሰው ሁሉ ዓይኑ ከኳሷ ጋር ሲሄድ እኔ ኳሷ ጥላቸው የሄደችውን አምስት ሰዎች አይ ነበር፤ ከፊታቸው የቆመውን ገፍተው ለሌላው መንገድ የሚከፍቱትን፣ ኳስ ወርዋሪው እንዳይሰበር የሚሰበሩትን። ስማቸው በድምፅ ማጉያ የሚጠራው ሲያጠፉ ብቻ ነው። ሥራው ለእኔ ተስማማኝ። በአሰልጣኝነት ከትምህርት ቤት ወደ ትንሽ ኮሌጅ፣ ከኮሌጅ ወደ ክለባችን ወጣሁ፤ በክለቡም ሠላሳ አንድ ዓመት የእነዚያ አምስት ሰዎች፣ የመስመሩ አሰልጣኝ ሆንኩ። አምስት ዋና አሰልጣኞች ሲባረሩ እኔ ቀረሁ። ጎንበስ ብላችሁ እንድትሮጡ የምትለማመዱበትን ዝቅ ያለ የብረት ጣሪያ የበየድኩት በገዛ እጄ ነው። ቀና ያለ ጭንቅላቱ ይመታል። "ይምታው፤ ጭንቅላት የሚማረው እንዲህ ነው" እል ነበር።

አንተ ከአላባማ የመጣህ ጊዜ ማንም ክለብ አልመረጠህም ነበር። በካልሲ ሚዛን ላይ አቆምኩህ።

"ስንት ነህ?"

"መቶ ሠላሳ፣ ኮች።"

"ከዚህ ውስጥ ስንቱ ጮማ ነው?"

"እሱን እናቴ ናት የምታውቀው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን በልቤ ይህ ልጅ ቡድኑ ውስጥ ይቆያል አልኩ።

መሃለኛ አደረግኩህ። መሃለኛ ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ የሚያቀብል ብቻ እንዳልሆነ እኔና አንተ እናውቃለን። የተቃራኒውን አሰላለፍ በሦስት ሰከንድ አይቶ ለአራቱ ጓደኞቹ ማን ማንን እንደሚይዝ ጮሆ ይነግራቸዋል። እሱ ከተሳሳተ አምስቱም ይሳሳታሉ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንተን የሚያህል አላገኘሁም። ይህን ነግሬህ አላውቅም። ብነግርህ ትበላሻለህ ብዬ ነው።

ሰኞ ሰኞ መጋረጃው ተዘግቶ የእሑዱን ጨዋታ ፊልም እናይ ነበር። እያንዳንዱን ግጭት አርማለሁ፤ በደንብ የሠራ ራይት፣ ያጠፋ ኤክስ። ድምሩን በሁሉም ፊት አነባለሁ። በደብተሬ ላይ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ የውሸት ምልክት አላደረግኩም። ለኳስ ወርዋሪው ጓደኛም፣ ለክለቡ ባለቤት የእህት ልጅም አላደላሁም።

በነሐሴ ግን እንድትዋሹ አስተማርኳችሁ።

ከውድድሩ በፊት የምንሰፍርበት የልምምድ ካምፕ ሳይጀመር የክለቡ ዶክተር የእያንዳንዳችሁን ጭንቅላት ይፈትናል። አሥር ቃል ይነግርና መልሱ ይላል፤ ቁጥር ወደ ኋላ ያስቆጥራል። በውድድሩ መሃል ጭንቅላቱን የተመታ ሰው እንደገና ይፈተንና ከነሐሴው ጋር ይነጻጸራል። ከወረደ ይቀመጣል። ስለዚህ በየዓመቱ በሩን ዘግቼ እንዲህ እላችሁ ነበር፦ "በነሐሴ ደደብ ሁን፤ በኅዳር ትጫወታለህ።"

አንተ ብቻ እጅህን አወጣህ። "ኮች፣ ዶክተሩን መዋሸት አይሆንብንም?"

"ዶክተሩ የሚሰብርህ ሰው ፊት ቆሞ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እንግዲያው ምን አገባው?"

ከአንተ በስተግራ የሚሰለፈው ሂንክል ከኋላ፣ "ኮች፣ እኔስ እንዴት ልሁን? እኔ ሳልዋሽም እወድቃለሁ እኮ" አለ።

አንተ ታዛዥ ነህ፤ የታዘዝከውን አትርፈህ ትሠራለህ። ከአሥሩ ቃል ሦስቱን ብቻ መለስክ። ዶክተሩ ግራ ገብቶት ትምህርት ጨርሰህ እንደሆነ ጠየቀህ። ሂንክል ካምፑ እስኪያልቅ "ፕሮፌሰር" እያለ ጠራህ።

በሰባተኛው ዓመትህ፣ በኅዳር፣ በረዶ በጣለበት እሑድ የአንዱ ጉልበት ሄልሜትህን በጎን አገኘው። ራስህ ተነሣህ። ቦታህንም ያዝክ። ከሁለት ግጭት በኋላ ሂንክል እየሮጠ ወደ እኔ መጣ።

"ኮች፣ ሮስኮ የሚጠራው ያለፈውን ዓመት የአሰላለፍ ምልክት ነው።"

"አንተ ያለፈውን ዓመት አታስታውስም?"

"አስታውሳለሁ፣ ግን…"

"እንግዲያው ምን ትለፈልፋለህ? ተመለስ።"

ዶክተሩ ግን አይቶ አስወጣህ። አግዳሚው ላይ አስቀምጦ አሥር ቃል ነገረህ፤ አራት መለስክ። ወረቀቱን ገልጦ፣ "ከነሐሴው በአንድ ይበልጣል" አለ፤ ራሱም የሚያምን አይመስልም ነበር። "ከተሻለው ምን ቀረህ? ሄልሜቱን ስጠው" አልኩት። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝ። ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀብህ። ያንን ጊዜ ለክቼዋለሁ፤ የእኔ ሥራ ሰከንድ መለካት ነው። ከዚያም "እሺ ኮች" ብለህ ገባህ።

ከዚያ በኋላ አራት ጨዋታ ተጫወትክ። በአራተኛው ማግስት፣ ሰኞ፣ መጋረጃው ተዘግቶ ድምርህን አነበብኩ። "ሮስኮ፣ አሥራ ሦስት ኤክስ። ሚስትህ ናት ያደከመችህ ወይስ ቢራው?" ሁሉም ሳቁ። እንዲስቁ ያሠለጠንኳቸው እኔ ነኝ። አንተ እንደ ተማሪ ተነሥተህ ቆምክና "አስተካክለዋለሁ ኮች" አልክ። በስምህ ትይዩ "ሰነፍ" ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ ጠዋት መልእክት ላኩብህ፤ "የጨዋታ ደብተርህን ይዘህ ና።" በእኛ ሥራ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሣር የሚያጭደው ሰው ሳይቀር ያውቃል። ደብተሩን ታስረክባለህ፣ ቁም ሣጥንህን ባዶ ታደርጋለህ፣ ትሄዳለህ። ትልልቅ ሰዎች በዚያ በር ላይ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። አንተ ግን ገብተህ ወንበር ሳብክ፣ ደብተሩን ገለጥክ፣ እርሳስ አወጣህ፣ እንዳስተምርህ ጠበቅክ። የዚያን ጊዜ ያልገባህ ነገር እንዳለ ገባኝ። ደብተሩን ከእጅህ ወሰድኩና "ጨርሰሃል፣ ወደ ቤትህ ሂድ" አልኩህ።

"ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ?" አልክ።

በሩን ከፈትኩልህ።

ይህ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው።

በዚህ ጸደይ ዋንዳ ቤቴ መጣች። እንድትቀመጥ ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም። አንተን ብቻዋን ማንሳት እንዳቃታት፣ ሁለት ጊዜ በሌሊት ልብስ አውራ ጎዳና ላይ እንደተገኘህ ነገረችኝ። ለቀድሞ ተጫዋቾች የተዘጋጀ መንከባከቢያ ቤት አለ፤ የሚያስገባው ኮሚቴ ግን በጨዋታ ላይ ለተጎዳ ብቻ ነው የሚፈቅደው። የአንተን ማመልከቻ መልሶታል። ደብዳቤውን ዘረጋችልኝ። የነሐሴ ፈተናህ ገና ከመጀመሪያው ዝቅተኛ ስለነበር ለውጥ አልታየም ይላል።

"ድሮም እንዲሁ ነበር ነው የሚሉት" አለች። "ሮስኮን! እርስዎ ነዎት እንዲያወርደው ያስተማሩት። ሄደው ይንገሯቸው።"

"አልነግርም" አልኳት። "ያን ክፍል ያለፉ ሌሎች ሰዎች አሉ። የእነሱም ስም አለ፣ የእኔም ስም አለ።"

"የእርስዎ ስም።"

"ዋንዳ፣ ሮስኮ በመጨረሻ የወጣው በስንፍናው ነው። በደብተሬ ላይ ተጽፏል።"

"አሳየኝ" አለች። እርስዎ ማለቱን እዚያ ላይ ተወችው።

ወደ ምድር ቤት ወርጄ የዚያን ዓመት ደብተር አመጣሁ። ያመጣሁት ልረታት ነው። ገለጥኩት። በጣቷ እየጠቆመች ድምርህን ታነብ ጀመር፤ ሁለት፣ አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ እስከ ኅዳር ድረስ። ከበረዶው እሑድ በኋላ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ሦስት። ጣቷን እዚያው ላይ አቆመች።

"ሰው በአንድ እሑድ ነው የሚሰንፈው?"

ሮስኮ፣ ቁጥሮቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው ብል እዋሻለሁ። ያን ጊዜም አይቻቸዋለሁ። ኮቴን ለበስኩና ኮሚቴው የሚሰበሰበው መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት።

ባለፈው ማክሰኞ ኮሚቴው ፊት አንተም ነበርክ፤ ዋንዳ ክራቫት አሥራልህ ነበር። ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠዋል። ስለ ነሐሴ ነገርኳቸው። መሃል የተቀመጠችው ሴት፣ "ከተመታ በኋላ እንደተጎዳ ያውቁ ነበር?" አለችኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አላስወጡትም?"

"ተተኪው ከእሱ የባሰ ነበር። ጭንቅላቱ ተመትቶም ሮስኮ ይሻል ነበር።"

ዋንዳ ፊቷን አዞረች። ሴትዮዋ ደብተሩን ሳምንት በሳምንት እንዳነብላቸው ጠየቀችኝ። ቆሜ አነበብኩ፤ በሌላ ድምፅ ማንበብ አልችልበትም። "ሮስኮ፣ አሥራ አራት ኤክስ" ስል ወንበርህ ተንቋቋ። ተነሥተህ ቆመሃል፤ እጅህ ከጎንህ፣ አገጭህ ደረትህ ላይ።

"አስተካክለዋለሁ ኮች።"

ጸሐፊው እርሳሱን አስቀመጠ። ገና አንድ ሳምንት ይቀረኛል፤ እሱን ካላነበብኩ ደግሞ ማስረጃው ጎዶሎ ይሆናል። አንተ እንደቆምክ አነበብኩት። አሥራ ሦስት። ሰነፍ።

"ኮች፣ አንድ ሳምንት ብቻ ስጠኝ" አልክ። ታለቅስ ነበር።

"ተቀመጥ" አልኩህ። ተቀመጥክ።

ኮሚቴው በዚያው ቀን ፈቀደ። የፈቀዱት እኔ ስለመሰከርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን እንድትቀመጥ ስነግርህ እንዴት እንደተቀመጥክ ስላዩ ነው። ዋንዳ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ።

"አመሰግናለሁ አልልህም።"

"አትበይ።"

"ከእንግዲህ አጠገቡ እንዳትደርስ። እዚያም ቤት እንዳትሄድ።"

"እሺ" አልኳት። ልክ ናት። ለዚያም ነው ትናንት ስትደውል የደነገጥኩት። "ካምፕ ነው በለው" አለችኝ። "በካምፕ ሚስት እንደማትመጣ ያውቃል። ያንን ካላመነ በየበሩ ሲፈልገኝ ነው የሚውለው።" በካምፕ ሚስት አትመጣም፣ ስልክ አይደወልም የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ይቅርታ የሚጠየቅ ሰው አይሆንም ማለት መቻል አለበት፤ አንተ የምትለኝ ግን "እሺ ኮች" ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ምድር ላይ ሁለተኛ አንተያይም። ከዚህ በታች ያለው ዋንዳ የጠየቀችው ገጽ ነው።

ሮስኮ፣

ካምፕ ተከፍቷል። ቡድኑ ውስጥ ነህ። ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መኪና ይመጣል፤ በሩን ለቀህ ግባ። ሁለት ቅያሪ ልብስ ያዝ። የሚያበሉህን ብላ፣ የሚሰጡህን መድኃኒት ዋጥ፣ ማንንም አታስቸግር። ሚስት በካምፕ እንደሌለች ታውቃለህ፤ ስለ እሷ አትጠይቅ። ልምምድ መቼ እንደሚጀመር አትጠይቅ፤ ሲደርስ ትጠራለህ። እኔ እስክመጣ አልጋህ አጠገብ ጠብቀኝ።

እመጣለሁ።

አሰልጣኝህ
ኢሚል ሃቭርላክ