ጀልባዋ አልቆም ያለችበት ሳምንት

ሰኞ

ዛሬም አልሆነም። የግድቡን ውሃ ጥልቀት አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስት የተለያየ ቁጥር ጻፍሁ። ስድስት ሜትር። አምስት። አምስት ተኩል።

መልሕቁ ጭቃውን ነክሶ ይዟል፤ ጀልባዋ ግን ከዳባት በኩል ነፋስ በመጣ ቁጥር አፍንጫዋን ወደ ግራ ትጥላለች፣ ገመዱ ሲይዛት ደግሞ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። በመለኪያው ገመድ ጫፍ ያሰርሁት ቱንቢ ቀጥ ብሎ አይወርድም። አስመልሶኝ ቁርሴንም ለግድቡ ሰጥቼ ተመለስሁ። የሞተር ጀልባዋ ከተበላሸች ወዲህ ያለችን ከጎርጎራ በአይሱዙ የመጣች ይህችው የሸራ ጀልባ ብቻ ናት።

ደለሉ ምን ያህል እንደ ሞላ በዚህ ሳምንት መታወቅ አለበት። ከግድቡ በታች ያሉት ገበሬዎች በመስኖ ነጭ ሽንኩርት ሊተክሉ ማሳቸውን አርሰው ጨርሰዋል። ባለፈው ወር «ውሃው ይበቃችኋል» ያልኋቸው እኔ ነኝ። ያንንም የለካሁት በዚህችው ጀልባ ነው።

ማክሰኞ

ሁለተኛ መልሕቅ ጨመርን። ሁለቱ ገመዶች እርስ በርስ ተጠማዘዙ፤ ፈትተን ሁለተኛውን ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብን።

የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ ደብረ ታቦር ስብሰባ ላይ ሆኖ ደወለ። «አንቺ ደግሞ፣ አማካዩን ውሰጂና ጨርሺው!» የምን አማካይ? የሦስት ስሕተት አማካይ?

የጀልባዋ ጠባቂ አያ ምናለ ወጣት ሳሉ ጣና ላይ በሸራ ጀልባ ሠርተዋል። «ከኋላዋ ትንሽ ሸራ ብንሰቅልላት ትረጋ ነበር» አሉኝ። እኔም፣ «እንድትቆም እየለመንናት እርስዎ ሸራ ይሰቅሉላታል?» አልሁ። ገመዱን መጠቅለላቸውን ቀጠሉ። ባለጌ ሆንሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ተይው፣ ውሃ ሰው ያናድዳል» ብለው አስረዱኝ። ነፋሱ ከጀልባዋ ኋላ በኩል የሚገፋው ነገር ካገኘ፣ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ዞሮ እዚያው ይቀራል።

ገባኝ። ግን ቸኮልሁ። አዲስ ሸራ እስኪሰፋ አልጠብቅም ብዬ ትልቁን ሸራ አጥፌ ጀልባዋ መካከል ያለው ምሰሶ ላይ አሰርሁት። አያ ምናለ «እዚያ አይደለም፣ ልጄ» እያሉኝ። ጀልባዋ ጎኗን ሰጥታ በመልሕቁ ዙሪያ እንደ በሬ ሮጠች። የመለኪያው ገመድ ሥሯ ገብቶ ተበጠሰ፤ ቱንቢው ሰመጠ። የእኔ ጥፋት ነው፤ የማንም አይደለም።

ሐሙስ

ደባርቅ። ከግንባታ ዕቃ ሱቅ ሌላ ቱንቢ ገዛሁ። ልብስ ሰፊው ዘንድ የአሮጌ ድንኳን ሸራ ይዤ ሄድሁ። ሦስት ማዕዘን፣ ከእኔ ቁመት ትንሽ የሚበልጥ፣ ጠርዙ ድርብ ይሁን አልሁት። ከሰዓት በኋላ ስመለስ መሐሉን ሰብስቦ ሆድ አውጥቶለታል!

«ነፋስ ሲገባበት እንዲያምር ነው» አለኝ።

«እንዲያምር አልፈልግም። እንደ ጣውላ ዝርግ እንዲሆን ነው።»

ተፈታ። እንደገና ተሰፋ። ቀኑ አለቀ።

ዓርብ

ከጀልባዋ ኋላ አጭር እንጨት አቁመን ሸራውን ሰቀልን። መጀመሪያ ተርገበገበ፤ የባሰ መሰለኝ። አያ ምናለ የታችኛውን ገመድ ጎትተው ወጠሩት፣ እኔም አብሬ ጎተትሁ። ድምፁ ጠፋ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ ቆመች። ትንሽ ትወዛወዛለች፤ ከዚያ በላይ ግን የለም። የሰኞው ቦታ ላይ ቱንቢውን አወረድሁ።

አራት ሜትር ከሩብ። ደገምሁት፤ አራት ሜትር ከሩብ። ለሦስተኛ ጊዜ፤ ያው። ጮህሁ። አያ ምናለ ሳቁ።

ከዚያ የሰኞውን ገጽ ገለጥሁ። ጀልባዋ ስትሸሽ ገመዱ ሰያፍ እየሄደ ርዝመት ይጨምር ነበር። ሁሉም ቁጥሮቼ ውሃውን አጋንነዋል። ሌሎቹንም ቦታዎች እስከ ማታ ለካን፤ ሁሉም ቦታ ደለሉ ካልሁት በላይ ነው። ባለፈው ወር ለገበሬዎቹ ያልሁትም ስሕተት ነበር። 

ቅዳሜ

የውሃ ተጠቃሚዎቹ ሰብሳቢ እትዬ ጥሩዬ ቤት ሄድሁ። የነጭ ሽንኩርቱን ዘር ግቢ ውስጥ እየፈለፈሉ ነበር።

«ባለፈው ወር ይበቃል ብለሽን አልነበር?»

«ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ውሃው ግማሹን ማሳ ብቻ ነው የሚያጠጣው።»

«አሁን አለመሳሳትሽን በምን ልወቅ?»

«ይምጡና ራስዎ ይለኩ» አልኋቸው። ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ነጠላቸውን አገልድመው ገቡ። ቱንቢውን ራሳቸው አወረዱ። «ነካ» አሉ። አውጥተው እርጥቡን ገመድ በእጃቸው ለኩ። ሌላ ቦታ ሄደን እንደገና አወረዱ። ገመዱን እየጠቀለሉ፣ «ዘሩን ሳንቀብረው ነገርሽን» አሉ። ቁጣም ምስጋናም አልነበረበትም።

ኃላፊው አዲሱን ሪፖርት ለመፈረም እያንገራገረ ነው፤ የድሮውን እሱም ፈርሞበታል። እትዬ ጥሩዬ ግን አልጠበቁትም። ከሰዓት በኋላ ሰዎቹን ማሳው ዳር ሰብስበው የማን መሬት ሳይተከል እንደሚቀር ማነጋገር ጀመሩ። በዚያ ሳልፍ ከገበሬዎቹ ሁለቱ ሰላምታዬን አልመለሱም። አንደኛው «እሷ ናት» ሲል ሰማሁ።

ወደ ቤት ልሄድ ነበር። ይልቁንስ ወደ ሰዎቹ ሄጄ አጠገባቸው ቆምሁ።