ስለ አባባ መጽሐፍህ፣ ይልቁንም ስለ ምዕራፍ ሰባት

ይድረስ ለወንድሜ ለመንሱር እንድሪስ፣ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል ወንድም ዓለም? ጤናህስ እንዴት ነው? ጠመኔ የሚያስነሳብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ብቻ ነው ያረፍከው? የእማ ጉልበት እንዴት ሆነ? ባለቤትህ ኑሃስ? ልጃችሁ ተስኒምስ? ክረምቱ እንዴት ወጣላችሁ? አንበጣው ወሎን ወረረው ሲሉ ሰምተን ደንግጠናል፤ እናንተ ዘንድ ደርሶ እንደሆነ ጻፍልኝ። እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ኡዋይስም ልጆቹም ደህና ናቸው። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለን የለም ልልህ ነበር፤ ነገር ግን ዘንድሮ ምንም ያልጎደለበት ሰው ስለሌለ ውሸት ይሆንብኛል።

የጻፍከውን የአባባን ታሪክ በቴሌግራም ስትልክልኝ «አንብቢና አስተያየትሽን በጽሑፍ ላኪልኝ፤ በስልክ ከሆነ ጎበዝ ብለሽ ትዘጊዋለሽ» ብለኸኝ ነበር። አውቀኸኛል። ስልክ ላይ ማንበብ ዓይኔን ስለሚያመኝ እዚህ ካምፓላ፣ ናካዋ ሰፈር አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩት፤ መቶ አርባ ገጽ ወጣው። እነሆ አነበብኩት። አውሮፕላን ከተከፈተ ወዲህ ጎረቤታችን አብዱልሰላም የመጀመሪያው ተጓዥ ስለሆነ ደብዳቤውን በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ መጽሐፍ ያልያዘች እኅትህ ከየት አምጥታ አስተያየት ትሰጣለች እንዳትል፣ ዘንድሮ እንዴት አንባቢ እንደሆንኩ ላጫውትህ። እንደምታውቀው እንጀራዬ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። በመጋቢት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራዬም አብሮ ተዘጋ። ታክሲው ቆመ፤ ቦዳ የሚሉት ሞተርም ሰው እንዳይጭን ተከለከለ። ከናጉሩ ኮረብታ ሥር ካለው ቤታችን በእግሬ ናካዋ ድረስ ሄጄ፣ የሱቄን ቁልፍ ነካክቼ የምመለስበት ቀን ነበር። ጥቂት ጊዜ የአፍ መሸፈኛ ሰፋሁ፤ በኋላ አገሩ ሁሉ ሲሰፋው እሱንም ተውኩት። አሁን እንኳ የገቡት የፈተና ተማሪዎች ብቻ ናቸው።

በግቢያችን ለተሚካኤል የምትባል ኤርትራዊት አለች። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ባለ አንድ መጋዘን ጸሐፊ ናት፤ እሷም ሥራ ቆሞባት ቤት ነበረች። አሰብ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። አስተያየት ስትሰጥ ማባበል የሚባል አታውቅም። ወደ ካናዳ የሄደ አንድ ቤተሰብ ትቶላት የሄደ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ነበራት። አንድ ቀን «ይህን ሁሉ ግድግዳ ከማየት ይሻላል» ብላ ሁለቱን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

የመጀመሪያው ወፍራም ነው፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስለ አንድ የመርካቶ ነጋዴና ስለ ልጆቹ ነው። አባትየው የማይሳሳት ሰው ነው። ሲርበው ለልጆቹ ያጎርሳል፣ ሲሰድቡት ይስቃል፣ ሲሞት እንኳ መክሮና መርቆ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ነው የሚሞተው። ስጨርሰው አለቀስኩ። በሳምንቱ ለተሚካኤል የሰውየውን ስም ብትጠይቀኝ ግን ጠፋኝ።

ሁለተኛው ቀጭን ነው፤ ሽፋኑም የመጀመሪያ ገጾቹም የሉም፤ ማን እንደጻፈው አላውቅም። አዋሽ ዳር የሚኖር አንድ ገበሬ አለ። ጎርፍ ልጁን ሲወስድበት እግሩ እምቢ ይለውና ዳር ቆሞ ይቀራል። ልጁን ዘሎ የሚያወጣው ጎረቤት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ሁሉ፣ ያ አባት ከዚያ ልጅ ጋር በአንድ ጣራ ሥር እንዴት እንደሚኖር ነው። የልጁን ጫማ ሲያስርለት እንኳ ቀና ብሎ ፊቱን አያየውም። በዚህ መጽሐፍ ከለተሚካኤል ጋር ተጣላን። «ፈሪ ነው! ለፈሪ ደግሞ መጽሐፍ ይጻፍለታል?» አለች። እኔም «ይኸው ወር ሙሉ ስታነሺው! የመርካቶውን ሰውዬ አንድ ቀን አንስተሽው ታውቂያለሽ?» አልኳት። «እሱንስ አላነሳሁትም» አለች።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። በመጀመሪያ የወደድኩትን ልንገርህ። የገበያውን ቀን የጻፍክበት እጅግ ጥሩ ነው፤ የበርበሬው ብናኝ እዚህ ድረስ አስነጠሰኝ። እማ ከጎረቤት ጋር ተኮራርፋ በልጆች በኩል ቡና የምትጠራራበትን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ያልወደድኩት ደግሞ አባባን ሃያ ስድስት ቦታ «ባለ ወርቅ እጅ» ማለትህ ነው። አንዴ ይበቃል። ሻይ ቀዝቅዞ ሲቀርብለት የሚቆጣው አባባስ የት ሄደ? በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣም።

ምዕራፍ ሰባትን ያነበብነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ከለተሚካኤል ጋር እየተቀባበልን ነው። ተራው የእሷ ነበር። አባባ የሰፋው የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ኮት እንዴት ከተማውን እንዳስደነቀ ጽፈሃል። አባባ የስፌት መኪናውን ወደ ጓዳ አስገብቶ መጋረጃ የጋረደው ጥበቡን እንዳይሰርቁት ነው ብለሃል። ቀጥለህም «እኅቴ ጦይባ ትምህርት አልሆነላትም። ስምንተኛ ክፍል ላይ በገዛ ፈቃዷ ተወችው። ስፌትን በኋላ በሰው አገር ተማረች» ትላለህ። ለተሚካኤል መነጽሯን ወደ ግንባሯ አወጣችና «አንቺ፣ ስፌት ከአባቴ ነው የተማርኩት አላልሽኝም?» አለችኝ። «ብያለሁ» አልኳት። «ታዲያ ይሄ ስለ ማን ነው የሚያወራው?» ወተት ጥጃለሁ ብዬ ተነስቼ ገባሁ። ወተት አልጣድኩም።

መንሱርዬ፣ መጋረጃው የተጋረደው ለጥበብ አይደለም። በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የአባባን ሁለቱንም ዓይን ሞራ ጋርዶት ነበር። አንተ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርክ፤ ቢነግሩህ ለኳስ ጓደኞችህ ስለምትናገር አልተነገረህም። መጀመሪያ መርፌው ላይ እኔ ክር አስገባለት ነበር። ቀጥሎ የቁልፍ ቀዳዳውን፣ ቀጥሎ ገበሩን እሰፋለት ጀመር። ከዚያ አንድ ቀን የሰው ጨርቅ በጠማማ ቆረጠና መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። አባባ ከፊት በኩል ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ በጣቱ እየዳሰሰ ልኬት ይወስዳል፤ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲናገር እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እጽፋለሁ። መቁረጡም መስፋቱም የእኔ ነበር። አራት ዓመት። አንተ ለብሰኸው የተማርክበት ካኪም የእኔ ስፌት ነው።

የዲሬክተሩን ኮት በሦስት ቀን ሰፋሁት። ግራ እጅጌውን ሁለት ጊዜ ተርትሬዋለሁ። ሰውየው መጥቶ ለበሰና መስታወቱ ፊት ዞር ዞር ብሎ «እንድሪስ፣ እጅህ ይባረክ» አለ። ከዚያ «ያቺ ጎበዝ ልጅህስ? ከክፍል ከጠፋች ቆየች» ሲል ጠየቀ። አባባ «ትምህርት ጠላች። ምን ላድርጋት?» አለ። እኔ ከጀርባው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ የኮቱን ትርፍራፊ ጨርቅ ይዤ ተቀምጫለሁ። አንተ የጻፍካት ዐረፍተ ነገር ከዚያን ቀን ጀምሮ በከተማው ስትዞር የኖረች ናት፤ አንተ አልፈጠርካትም።

ዲሬክተሩ ሲሄድ አባባ ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ ጓዳ ገባ። ይቅርታ አላለኝም። «ሰው ለዕውር ሰፊ ጨርቁን አይሰጥም፣ ልጄ። ሱቁ ከተዘጋ አራታችንም አለቀልን። ለማንም እንዳትናገሪ፣ አማና» አለኝ። እሺ አልኩ። ያን ቀን ግን ምሳ ላቀርብለት እምቢ ብዬ እማ አቀረበችለት። በዘጠና ሦስት ደሴ ታክሞ አንድ ዓይኑ ሲመለስለት ጠርቶኝ ፊቴ ቆሞ መርፌው ላይ ራሱ ክር አስገባ። ተቃቅፈን አለቀስን። «በይ አሁን ትምህርትሽን ቀጥይ» አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አብረውኝ የጀመሩት አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ነበር። ከእነ ታናናሾቼ ጋር አልቀመጥም አልኩት። በገዛ ፈቃዷ ተወችው ያልከው ስለዚያች ቀን ከሆነ እውነት አለህ።

ይህን ሁሉ ልጽፍልህ ብዬ ሁለት ሳምንት አቅማማሁ። ወላሂ፣ አባባን ማማት መሰለኝ፤ አላህ ይዘንለትና በሕይወት ቢኖር ቃሌን አልበላም ነበር። በመጨረሻ አንተ ጁምዓ ስትሄድ ጠብቄ ለእማ ደወልኩላት። ልጻፍለት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ሚስጥሩ የእሱ ነበር፤ ይዘሽለት ኖርሽ። ድካሙ ግን ያንቺ ነው። የራስሽን ብትናገሪ አማና በላች የሚልሽ የለም» አለችኝ። ቆይታም «እኔም በየሰርጉ የሱን እጅ ሲያሞግሱ አንገቴን ደፍቼ መስማት ሰልችቶኛል» አለች። እማን ስንት ዓመት የማውቃት ይመስልሃል? ይህን ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ አስተያየቴ ይኸው ነው። አንተ የጻፍከው አባባ የመርካቶውን ነጋዴ ይመስላል፤ ያስለቅሳል፣ በሳምንቱ ይረሳል። እኔ የማውቀው አባባ ግን ፈርቷል። ልጁን ከትምህርት አስቀርቷል፣ ስለሷ ዋሽቷል፣ የሰው ኮት ላይ የሌለ ዓይኑን ተክሎ «አዎ አምሮብሃል» ብሏል። ሱቁንም ቤታችንንም በዚያው አቆይቷል። እኔ ይህን አባባ ነው የምወደው፤ ላነብበው የምፈልገውም ይህን ነው። ከተማው ምን ይላል ብለህ ከሆነ፣ ያ ኮት ዛሬም ሳጥን ውስጥ ካለ ስፌቱን ገልጦ የሚያይ ማንም ሰው የሚያፍርበት ነገር አያገኝበትም።

አንተ ይህን ጻፍልኝ ልልህ ነበር። ከዚያ አሰብኩት፤ አንተ ከመጋረጃው ፊት ነበርክ፤ ጀርባውን አታውቀውም። ስለዚህ ራሴ ጻፍኩት። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ፤ ለተሚካኤል ሁለት ጊዜ አንብባ «እስከ ሦስተኛው ገጽ ታሰለቺያለሽ» አለችኝ፤ ሦስቱን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፖስታ የታሸገው አሥራ አራት ገጽ ምዕራፍ ሰባት ነው። ፊደል የሳትኩበትን አርምልኝ፤ አስተማሪ ነህና። ነገሩን ግን እንዳትነካው። ከላይ ስሜን ጻፍበት፤ ጦይባ እንድሪስ በል። መጽሐፉ እንዲህ ሆኖ እንዲወጣ ካልፈለግህ ደግሞ በግልጽ ንገረኝ፤ አልቀየምህም። ይህን ምዕራፍ ትተህ በዚያችው ዐረፍተ ነገር ብታሳትመው ግን እቀየምሃለሁ።

ኑሃን በጣም ሰላም በልልኝ፤ አንተ ስትጽፍ ቤቱን የያዘችው እሷ ናትና በምስጋናው ገጽ ላይ እንዳትረሳት። ተስኒምን ግንባሯን ሳምልኝ። የጎረቤቶቻችንን የነፋንታዬን ቤት ሁሉ ሰላም በሉ። ኡዋይስ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ መጽሐፉ ሲወጣ አምስት እዚህ እንሸጥልሃለን» ይልሃል። ለተሚካኤልም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች፤ ስለ ገበያው የጻፍከውን እሷም ወዳዋለች።

እማን ጉልበቷን ሳምልኝ። የላክሁልህን ምዕራፍ ብቻህን ከማንበብህ በፊት ለእሷ ጮክ ብለህ አንብብላት። የተሳሳትኩት ካለ፣ ከእኔም ከአንተም ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት፤ እሷ አርም ካለችህ ብቻ አርም።

እኅትህ ጦይባ እንድሪስ
ካምፓላ፣ ናጉሩ
ጥቅምት 5 ቀን 2013 ዓ.ም.