ወንድሜን ብቻ የሚጠቅም ነገር

ኮርቢን፣ ይህ ደብዳቤ የሚሄደው ለወይዘሮ ቪክስትሮም ነው፤ በከተማችን ጋዜጣም ይወጣል። ሰው ስለ አንተ ሲያወራ ሳትሰማ ከቀረህ ቀኑን ሙሉ እንደምታኮርፍ ስለማውቅ ግን አስቀድሜ ጮክ ብዬ አነብልሃለሁ። ሐይቁ ገና በረዶ ነው። እማዬ አልጋህን አላነሳችውም። ረጃጅም ቃላት ይበዙበታልና ሲሰለችህ ንገረኝ።

ለክብርት ወይዘሮ ሎሬን ቪክስትሮም፣
የአደራ ሒሳቦች ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ፤ ክረምቱ እንዳልከበድዎ፣ የቢሮዎም ማሞቂያ ደኅና እየሠራ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ኔልስ ሉንድ እባላለሁ። የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪና አያታችን እርሻውን ሸጦ ገንዘቡን በእጅዎ ያስቀመጠለት የኮርቢን ሉንድ ታናሽ ወንድም ነኝ። ኮርቢን ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ስለነበረ ሲያድግም ድጋፍ ያስፈልገው ነበር። ገንዘቡ በራሱ ስም ቢቀመጥ ደግሞ መንግሥት የሚሰጠው ሕክምና ይቋረጥበት ነበርና አያታችን ታማኝ አደራ ጠባቂ ፈልጎ እርስዎን አገኘ። በምርጫው አልተሳሳተም። ገንዘቡ ዛሬም ሳይነካ አለ።

ለዚህ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1. ስለ ቴሌቪዥኑ። ኮርቢን ትልቅ ቴሌቪዥን በፈለገ ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ ፈቀዱለት፤ በፈቃዱ ላይም «ተጠቃሚውን ብቻ የሚጠቅም እስከሆነ ድረስ» ብለው ጻፉ። እናታችን የሕግ ቃል ትፈራለች። ስለዚህ እርሱ የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ሲያይ እኔ ኩሽና ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። «አንተ ትንሹ፣ ና እንጂ፣ ልንሸነፍ ነው!» እያለ ይጠራኛል። «አልችልም፣ ሕጉ አይፈቅድም» ስለው «ሕጉም ይምጣና አብረን እንይ» ይለኛል። ያን ያህል ጨዋታ ሳላይ በመቅረቴ የሒሳብ ውጤቴ ስለተሻሻለ አመሰግንዎታለሁ።

2. ስለ ጥያቄያችን። ባለፈው መከር ብሪያ የምትባል «ልጅ» በስልኩ ትጽፍለት ጀመር። ፎቶዋ ላይ ትስቃለች፣ ውሻም አላት። እናታችን ሁለት ነገር ለመነችዎ፤ አንደኛው በቤታችን ኢንተርኔት ላይ የማናውቃቸውን ሰዎች የሚከለክል ማጣሪያ እንዲገባ፣ ሁለተኛው ደግሞ በየሳምንቱ እየመጣች ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ሰው እውነተኛ ይሁን አይሁን እንዴት እንደሚጠይቅ የምታለማምደው መምህርት እንድትቀጠርለት። ማጣሪያው ቤተሰቡን በሙሉ ስለሚጠብቅ ኮርቢንን ብቻ የሚጠቅም እንዳልሆነ፣ ትምህርቱም የቤተሰብ ግዴታ እንደሆነ መለሱልን። እኔም ያለ አግባብ ልጠበቅ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እናታችን ስልክ ስትደውልልዎ አጠገቧ ነበርኩ።

«ታዲያ ስልኩን ለምን አትቀሙትም?» አሏት።

«ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሠርቶ የገዛው ስልክ ነው። እርስዎ የልጅዎን ስልክ ይቀማሉ?»

«የእኔ ልጅ እኮ ሐኪም ነው።»

እናታችን ስልኩን አስቀምጣ የታጠቡትን ሳህኖች እንደገና አጠበች።

ግዴታችን ነው ካሉን በኋላ ማስተማሩን እኔ ያዝኩት። «አግኝተሃት ታውቃለህ?» አልኩት። «አንተስ ፕሬዚዳንቱን አግኝተኸው ታውቃለህ? ግን አለ» አለኝ። አልፎ ተርፎም «ጓደኛ ስለሌለህ ነው የምትቀናው» ብሎ ፀጉሬን አሻሸኝ። እኔ አስተማሪ አይደለሁም።

3. ስለዚያ ቀን። ብሪያ በአውቶቡስ እንደምትመጣ ጻፈችለት፤ ለጉዞዋም በደመወዙ እንደ ገንዘብ የሚሠራ የስጦታ ካርድ እየገዛ ቁጥሩን ይልክላት ነበር። ደስ እንዲልዎ ያህል፣ ከአደራው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። ከምሳ በኋላ ልጅቷን ሊቀበላት አውራ ጎዳናው ዳር ወዳለው ማቆሚያ ሄደ። አውቶቡስ በክረምት እዚያ አይቆምም። «ዘግይቷል፣ ጠብቀኝ» ትለዋለች፤ ደጋግማ «ደረስኩ፣ እንዳትሄድ» ትለዋለች። ኮርቢን ደግሞ ጠብቅ ከተባለ ይጠብቃል። ሌሊት ፖሊሶች ያገኙት በብርድ ደርቆ፣ እንደተቀመጠ ነው። ቦርሳው ውስጥ ሁለት ሳንድዊች ነበር፤ የራሱን እንኳ አልበላም። ፖሊሶቹ ብሪያ ምናልባት ሴት እንዳልሆነች፣ አንድ ሰውም እንዳልሆነች፣ በአገራችንም እንደሌለች ነገሩን።

4. ስለ ሐዘን መግለጫዎ። በጣም ያምራል። በሁለተኛው አንቀጽ ቴሌቪዥኑ የአደራው ንብረት ስለሆነ በአመቺ ጊዜ እንድንመልስ ጠይቀውናል። አመቺ ጊዜ ሲመጣ እናሳውቅዎታለን።

ወንድሜን እንዲመልሱልኝ አልጠይቅዎትም። የምጠይቅዎ የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። ዊላ ሃልቮርሰን ከኮርቢን ጋር በከተማችን ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ፎጣ ታጥፍ የነበረች ሴት ናት፤ የእርሷም አደራ በእጅዎ ነው። እናቷ ያችኑ መምህርት እንዲቀጥሩላት አመልክታ መልስ እየጠበቀች ነው። ዊላ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ስለዚህ እርሷን ሲጠብቁ በስሕተት ሌላ ሰው እንዳይጠበቅብዎ የሚያሰጋ ነገር የለም።

በሕይወትዎ የሚጠብቁት ሁሉ በሰዓቱ እንዲደርስልዎ፣ ብርድ ላይም ቆመው የማንንም መምጣት እንዳይጠባበቁ ከልቤ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት፣

ኔልስ ሉንድ፣
የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ያለ አግባብ ሊጠበቅ የነበረው

ተጨማሪ፦ እናታችን ከቀብሩ በኋላ ሥራ የገባች ዕለት ቤት ውስጥ ብቻዬን ነቃሁ። የሆቴሉን ሠራተኞች የምትወስደው መኪና ደጅ ላይ ጥሩምባ ነፋች። ሹፌሩ አቶ ዶይል እረፍት ላይ ስለነበር የኮርቢንን ሞት አልሰማም።

«አለቃው የት አለ? ዛሬም ካልሲ ጠፋው?» አለኝ በሩን እየከፈተ።

ነገርኩት። ሞተሩን አጠፋ። ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። በኋላ «ግባ፣ ልጄ፣ ይበርዳል» አለኝ። ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ነበረብኝ፤ ግን ገባሁ።

ልብስ ማጠቢያው ስደርስ ዊላ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝና ስልኳን አሳየችኝ። ጀልባ ላይ የቆመ ሽበታም ሰውዬ ነው።

«አግኝተሽው ታውቂያለሽ?»

«በበጋ ይመጣል።»

እንዴት እንደሚሰረዝ አሳየኋት። ጣቷን ዘርግታ ስክሪኑ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ከዚያ ጠዋት ጠዋት ማን እንደምን አደርሽ ይለኛል?» አለችኝ።

«እኔ እልሻለሁ» አልኩና ቁጥሬን ሰጠኋት። እዚያው ጎኗ ቆሜ «እንደምን አደርሽ ዊላ» ብዬ ላክሁላት። ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችውና ለሴቶቹ ሁሉ አሳየች። ሰውዬውን ግን አልሰረዘችውም፤ እኔን በስም ዝርዝሩ ከሥሩ አስገባችኝ። ከትኩሱ ክምር አንድ ፎጣ አንስቼ እንዴት እንደሚታጠፍ ጠየቅኋት፤ እስከ ምሳ ድረስም አብሬያት አጠፍኩ።