ተጠባባቂው ጡብ

በአየር ጥራት ቢሮ የፈቃድ ክፍል ለተቀመጡት ክቡር ዋና ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም የሳንባ ጤና፤ እኛ የሴንት ኦዲል ሰፈር ጥቁሮች ለሰው የምንመኘው ከዚህ የሚበልጥ ነገር ስለሌለን ነው። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይዩብኝ። ከዚህ በፊት ለብቻዎ የላክኋቸው ዘጠኙ መንገድ ላይ ሳይጠፉ አልቀሩም።

ስሜ ቬሎራ ናርሲስ ይባላል። የተማሪዎች አውቶቡስ ሠላሳ ዓመት ነድቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የምኖረው ከወንዙ ግድብ ሥር፣ ቅድመ አያቶቼ ከባርነት ወጥተው በገዙት መሬት ላይ፣ ከፋብሪካው አጥር በአራት መቶ እርምጃ ርቀት ነው። ለፋብሪካው ሦስተኛ ጭስ ማውጫ ፈቃድ መስጠት አለመስጠትዎን ሐሙስ እንደሚወስኑ ሰማሁ። ጭስ ማውጫው የሚቆመው ከመቃብራችን አጥር ጀርባ ነው። ወንድሜ ኤልሪክ እዚያ ነው ያለው።

አንደኛ። በቅዱሳን ሁሉ ቀን ዋዜማ፣ በኦክቶበር መጨረሻ፣ የሙታኖቻችንን መቃብር ኖራ እንቀባለን። በልጅነቴ ነጩ እስከ ፋሲካ ይቆይ ነበር። ሁለተኛው ጭስ ማውጫ ከቆመ ወዲህ ግን ሁለት ሳምንት እንኳ በቅጡ አይቆይም። ኤልሪክ ግንበኛ ነበርና ነገሩን በእጁ ያስብ ነበር፤ ታሞ በረንዳ ላይ እያፏጨ በሚተነፍስበት ጊዜ፣ ሃያ ስድስት ጡብ ኖራ ቀብቶ ለሃያ ስድስታችን በየበራችን እንድናስቀምጠው አደለን። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጡቦቻችንን ይዘን እንሰበሰብና በቁም ሣጥኔ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሚቀመጠው፣ አብሮ ከተቀባው ሌላ ጡብ ጋር እናስተያያለን። የማን ጠቆረ፣ የማን ገረጣ፣ በየትኛው ሳምንት፣ ሁሉንም እንጽፋለን። የእርስዎ የአየር መለኪያ መሣሪያ ከወንዙ ማዶ፣ ነፋሱ ከሚነሳበት በኩል ስለተተከለ፣ ሥራውን ልናግዘው ብለን ነው።

(ማዶ ያሉት ነጮች ጎረቤቶቻችን ፋብሪካው መጀመሪያ በእነሱ በኩል እንዲቆም ሲታሰብ እይታችንን ያበላሻል ብለው መለሱት። እኛም እይታ እንዳለን የጠየቀን የለም።)

በጨርቅ ስለተጠቀለለው ጡብ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ግንበኛ ሥራውን ሲጨርስ ከዚያው ጭነት አንድ ጡብ ለባለቤቱ ትቶ ይሄዳል፤ ግንቡ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ አምሳያ ፍለጋ እንዳይንከራተት። ተጠባባቂ እንለዋለን። ይህኛው ኤልሪክ የራሱን መቃብር በቁሙ ገንብቶ ሲጨርስ የተረፈው ነው።

ሁለተኛ። ባለሙያ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ትሑት ወጣት ነው። የሰማንያ ሁለት ዓመቷን የእማማ ኦዴሊያን ጡብ በጣቱ ነካ አደረገና ኖራው በራሱ ጊዜ አርጅቶ ነው አላቸው።

«ኖራው እንደገና የተቀባው ባለፈው ማክሰኞ ነው፣ ልጄ» አሉት። «ከሁለታችን ያረጀሁትስ እኔ ነኝ። ጣትህን ደግሞ ሱሪህ ላይ አትጥረገው፤ ማስረጃ ነው።»

እሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ከወር በኋላ ከቢሮዎ የደረሰን መልስ ግን ጡብ የታወቀ የመለኪያ መሣሪያ አይደለም ይላል። እውነት ነው። የታወቀ ቢሆን ኖሮ እሱም ማዶ ይተከል ነበር።

ሦስተኛ። ይህ የኤልሪክ ነበር። ሊጽፈው ጀምሮ በማርች አረፈ። ወረቀቱ ላይ «ሦስተኛ» ከሚለው ቃል በቀር ምንም የለበትም። ምን ሊል እንደነበር ብዙ አሰብኩ፤ ልሞላለት ግን አልደፈርኩም። ከመሞቱ በፊት የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቬሎ፣ ግራጫ አድርገሽ እንዳትተዪኝ።» ዘንድሮ ስድስት ጊዜ ቀባሁት። በሰባተኛው ኖራው ሳያልቅ ክንዴ አለቀ።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ምስጋና ነው። በፈቃድ ሰነድዎ ውስጥ ከሰማይ የተነሱ ሁለት የሰፈራችን ፎቶዎች አሉ። አምና ኖቬምበር ሁለት ቀን በተነሳው ላይ መቃብራችን በነጭ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከሥሩ «የተጣለ ኮንክሪት» ተብሎ ተጽፏል። ኖቬምበር አሥራ ዘጠኝ በተነሳው ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ «የሚታይ ነገር የለም» ይላል። ክቡር ሆይ፣ በአሥራ ሰባት ቀን ውስጥ መቶ አርባ መቃብር ከዓይንዎ ጠፋ። እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ በጡብ ልናሳይዎ ስንደክም የኖርነውን ቢሮዎ በሁለት ገጽ፣ ያውም በታወቀ መሣሪያ፣ ለክቶ አስቀምጦልናል። ሐሙስ ፊርማዎን ከማኖርዎ በፊት ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ያድርጓቸው። የምለምንዎ ይህንኑ ብቻ ነው።

ዓይን ሊያታልል ይችላልና ተጠባባቂውን ጡብ በፖስታ ልኬልዎታለሁ። በሰፈራችን ነጭ ሆኖ የቀረው እሱ ብቻ ነው። እስከ ሐሙስ መስኮትዎ ላይ ያስቀምጡት። እዚያ እንደነጣ ይቆያል ብዬ እገምታለሁ፤ ሰው ነጭን ለምዶ ሲኖር ምን እንደሚሰማው በእርስዎ በኩል ባውቅ ደስ ይለኛል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ዝምታዎ፣ በመልስዎ ግርጌ ስላረፈው «ጤናዎ ያሳስበናል» የሚል ማኅተም ከልብ እያመሰገንሁ፣ በካርታዎ ላይ ከተጣለው ኮንክሪት አራት መቶ እርምጃ ርቄ፣ እስትንፋሴ እስከፈቀደ ድረስ አክባሪዎ ነኝ፤

ቬሎራ ናርሲስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጥቅሉን ለፖስታ ቤቱ አስረክቤ ስመለስ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈቃዱ ሐሙስ ይወሰናል ተብሎ ሳለ ፋብሪካው ማክሰኞ ምሰሶ መቅበር ጀምሯል፤ ለካ እርስዎ ከመወሰንዎ በፊት ውሳኔዎን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። የኤልሪክ መቃብር ከራስጌው ተሰንጥቆ አንድ ጡብ ወድቆ ተሰብሯል። ስለዚህ የላክሁልዎን ጡብ እባክዎ ይመልሱልኝ። የተተወው ለዚህ ቀን ነበር።